ቤት ሆኖ ለሚሠራ ሰው የሚሆን ጠረጴዛ፦ ከሱቅ ይገዛ፣ ያገለገለ ይፈለግ ወይስ በያጅ ይሥራው?

የመጀመሪያ የኮምፒውተር ጠረጴዛዬን ያበላሸው መወልወያ ነው። ላዩም እግሩም ከቺፑድ የተሠራ ነበር። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሲያዩት ደስ የሚል። ወለሉ በተወለወለ ቁጥር የእግሩ ጠርዝ ውሃውን ትንሽ ትንሽ ሲጠጣ ከረመ። ክረምቱ ሲወጣ እንደተነከረ ዳቦ ተነፍቶ አገኘሁት። ልባጩ ተላቀቀ፣ ውስጡ እንደ ሰጋቱራ ይፈረፈር ጀመር። ጠረጴዛው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፣ ሞኒተሩም አብሮት። ከተገዛ ገና ዓመት ከመንፈቅ አልሞላውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ለራሴ፣ አንድ ለእህቴ፣ አንድ ደግሞ ለባልደረባዬ ጠረጴዛ አፈላልጌያለሁ። መርካቶ ዞሬያለሁ፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ጋ ሄጃለሁ፣ አናጺም በያጅም አነጋግሬያለሁ። በዚህ ሁሉ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ በርካሽ ጠረጴዛ ላይ ገንዘቡ መዋል ያለበት ለማይጎብጥ ገበታ፣ ለማይነቃነቅ እግርና ለቁመታችሁ ለሚስማማ ከፍታ መሆኑ ነው። መሳቢያው፣ መደርደሪያው፣ የሚንሸራተተው የኪቦርድ ማስቀመጫ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ብር ከተረፈ።

ከሁሉ በፊት ሜትሮ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁን ለኩ። ለላፕቶፕ ብቻ ከሆነ 100 ሴንቲ ሜትር ወርድ ይበቃል። ላፕቶፕና ሞኒተር ጎን ለጎን ለሚያስቀምጥ ሰው 120 ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ቦታ ብዙ ጊዜ የወረቀት መከመሪያ ሆኖ ይቀራል።

ጥልቀቱ ላይ ግን አትሰስቱ። ሞኒተር ከዓይናችሁ ቢያንስ 50 ሴንቲ መራቅ አለበት፣ የሞኒተሩ እግር ራሱም 20 ሴንቲ ገደማ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ 60 ሴንቲ ዝቅተኛው ልክ ነው። 70 ከተገኘ እሰየው። በየሱቁ በርካሽ የሚሸጡት ባለ 45 እና ባለ 50 ሴንቲ ጠረጴዛዎች ለላፕቶፕ ብቻ የሚሆኑ ናቸው።

ብዙዎቻችን የማናስበው ከፍታውን ነው። ከፋብሪካ ተሠርተው የሚመጡት አብዛኞቹ 75 ሴንቲ አካባቢ ናቸው። ረጅም ሰው ይመቸዋል። እኔ 1 ሜትር ከ60 ነኝ። አንገቴን ሲያመኝ ዓመት ሙሉ ጥፋቱን በወንበሩ ሳላክክ ነው የኖርኩት። ነገሩን ያስረዱኝ የሰፈራችን በያጅ ናቸው። «ጋሼ፣ መደበኛው ከፍታ ስንት ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ሥራቸውን አቆሙ። «መደበኛ የሚባል ሰው የለም ልጄ። እስቲ ተቀመጪ» አሉኝና አንድ ወንበር ሳቡልኝ። ክንዴን እንዳጥፍ ነገሩኝና ከመሬት እስከ ክርኔ በሜትሮ ለኩ። 68 ሴንቲ ሆነ። «ሰባ ይበቃሻል። ከዚያ በላይ ካደረግነው ትከሻሽ ተሰቅሎ ነው የምትውዪው» አሉ።

እናንተም እንደዚሁ አድርጉ። በምትሠሩበት ወንበር፣ ቤት ውስጥ በምትጫሙት ነጠላ ጫማ ተቀምጣችሁ ክርናችሁ ከመሬት ስንት እንደሆነ ለኩ። ጠረጴዛው ከዚያ በአንድ ወይም በሁለት ሴንቲ ቢበልጥ ችግር የለውም። ሰባትና ስምንት ሴንቲ ሲበልጥ ግን ትከሻ ይመሰክራል። 75 ያለውን የግድ ከገዛችሁ ወንበሩን ከፍ አድርጉና እግራችሁ ሥር መርገጫ አስቀምጡ።

አንድ ሌላ ልኬት ደግሞ አለ፤ በሩና ደረጃው። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ሊፍት እንደሌለው አትዘንጉ። የደረጃው መታጠፊያ ላይ የማይዞር ዕቃ በገመድ በበረንዳ ሲጎተት አይታችሁ ይሆናል። ለጫኝና አውራጅ የሚከፈለው ብር የጠረጴዛው ዋጋ አካል ነው፤ ከሂሳባችሁ አትርሱት።

ከሱቅ የሚገዛው ተገጣጣሚ

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ዛሬ አይታችሁ፣ ዛሬ ከፍላችሁ፣ ዛሬ ማታ ትሠሩበታላችሁ። ቀብድ የለ፣ «ነገ ና» የለ። በካርቶን ስለሚመጣ በዳማስ፣ አንዳንዴም በታክሲ ይጫናል። በአንድ ካቻቢቴ ይገጠማል።

ድክመቱ ደግሞ ከምን እንደተሠራ ሲታይ ይወጣል። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ቺፑድ ናቸው፤ የተፈጨ እንጨት በማጣበቂያ ተጨፍልቆ ላዩ የተለበጠ ማለት ነው። ኤምዲኤፍ ከዚያ የደቀቀ፣ ጠበቅ ያለ ነው። ሁለቱም ውሃ አይወዱም። ሁለቱም ውስጥ የገባ ቪቴ አንዴ ሲወጣና መልሶ ሲገባ እንደ መጀመሪያው አይጠብቅም፣ ቺፑድ ላይ ደግሞ ይብሳል። ይህ ለተከራይ ትልቅ ጉዳይ ነው። በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ሰው ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሲገጥም፣ ሦስተኛው ላይ ይወዛወዝበታል።

ሱቅ ውስጥ ስታዩ በቀለሙ አትወሰዱ። ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ እዩ። ገበታው ስንት ሚሊ እንደሆነ ጠይቁ፤ ለ120 ሴንቲ ወርድ 18 ሚሊ ይሻላል፣ 16 የሚሆነው ከሥሩ የሚደግፈው ነገር ካለ ነው። ጠርዙ ዙሪያውን መለበጡን በጣታችሁ ዳሱ። የሚታየው ፊት ተለብጦ የሚደበቀው ታች ባዶውን የተተወ ብዙ ነው፣ ውሃ የሚገባውም በዚያው ነው። ከኋላ እግሮቹን የሚያያይዝ ሰሌዳ ከሌለው ወደ ጎን ገፋ አድርጉት፤ ከተወዛወዘ ቤታችሁም ሲደርስ ይወዛወዛል።

ከእነዚህ መካከል የብረት እግር ያላቸውን እመርጣለሁ። ላያቸው ቺፑድ ቢሆንም መሬት የሚነካው ብረት ስለሆነ መወልወያው አያገኛቸውም።

የድሮው ዓይነት «የኮምፒውተር ጠረጴዛ»፣ ማለትም ከላይ የሞኒተር መደርደሪያ፣ ከጎን የሲፒዩ ሳጥን፣ መሃል ላይ ተስቦ የሚወጣ የኪቦርድ ማስቀመጫ ያለው፣ አሁንም ይሸጣል። የተሠራው ሆዱ ትልቅ ለነበረው ሞኒተር ነው። ላፕቶፕ ላላችሁ አልመክርም። የኪቦርድ ማስቀመጫው ጉልበታችሁን ይነካል፣ መንሸራተቻው ቶሎ ይላላል፣ ላፕቶፑንም አይችለውም። ሳጥኑ ደግሞ እግራችሁን የምትዘረጉበትን ቦታ ይወስዳል። ለማትጠቀሙበት ክፍል ነው የምትከፍሉት።

ያገለገለ

ብሩ ትንሽ ሆኖ ቦታ ላለው ሰው ያገለገለ የቢሮ ጠረጴዛ ጥሩ ዕድል ነው። ከዛሬው ቺፑድ ጋር የማይነጻጸር ጠንካራ እንጨት ይገኛል፣ ቁልፍ ያለው መሳቢያም ጭምር።

የመሥሪያ ቤቶች ጨረታ በአዲስ ዘመንና በሪፖርተር ሲወጣ አይታችሁ ልትጓጉ ትችላላችሁ። ለአንድ ጠረጴዛ ግን አያዋጣም። ዕቃው በብዛት በሎት፣ ማለትም ብዙው በአንድ ላይ ተደምሮ ነው የሚሸጠው፣ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ማስያዝም አለ። ከዚያ ገዝተው በችርቻሮ ከሚሸጡት መግዛት ይቀላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከሀገር ሊወጡ የቤት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎችን በቴሌግራም መከታተል ነው። የሚቸኩሉት እነሱ ስለሆኑ ዋጋው ላይ ይስማማሉ፣ ዕቃውም በሰው ቤት በደንብ የተያዘ ነው። የእህቴን ጠረጴዛ ያገኘነው እንዲህ ነው።

ስታዩ መሳቢያዎቹን ሁሉ አውጥታችሁ መልሱ። ገልብጡና ከሥር ተመልከቱ። ትንንሽ ቀዳዳና ከሥሩ የረገፈ ደቃቅ ዱቄት ካለ ነቀዝ ነው፤ ጥላችሁ ሂዱ፣ ቤታችሁ ያለውን ሌላ እንጨትም ሊጀምርባችሁ ይችላል። መጠኑንም አትናቁ። 160 በ80 የሆነ የሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛ ቢሮ ውስጥ ልከኛ ይመስላል፣ ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ግን አልጋ ያክላል። ክብደቱም ለአራት ጫኝ ነው። አንዳንዴ በርካሽ የተገዛው ጠረጴዛ ቤት እስኪደርስ ከአዲስ ጋር ይስተካከላል።

አናጺ ጋ ካዘዛችሁ

እንጨት የሚወድ ሰው አናጺ ጋ ቢሄድ አልፈርድበትም። ዋንዛ ያማረ ነው። ግን ውድ ነው፤ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶም እንዲጠበቁ ከተባሉት አገር በቀል ዛፎቻችን ናቸው። ለቀላል ጠረጴዛ ግራቪሊያ ወይም የፈረንጅ ጥድ በቂ ነው። ባሕር ዛፍ ለእግር ይሆናል፣ ለገበታ ግን በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ጥሬ እንጨት በእጅ ሲያነሱት ከደረቀው ይልቅ ይከብዳል። መቼ ተሰንጥቆ ጣውላ እንደሆነ ጠይቁ።

አናጺው በሚስማር ብቻ እንዲመታላችሁ አትፍቀዱ። በኮላና በቪቴ ይሁን። ጥሩ አማራጭ እግሩን ከእንጨት፣ ገበታውን ከኮምፔንሳቶ ማድረግ ነው። ኮምፔንሳቶ በስስ በስሱ ተደራርቦ የተጣበቀ ስለሆነ እንደ ጣውላ አይሰነጠቅም፣ ቪቴም ይይዛል። ቨርኒሽ ዙሪያውን፣ ከሥሩም ጭምር ይቀባ።

የብረት እግርና የኤምዲኤፍ ገበታ

አሁን ይህን የምጽፈው በዚህ ዓይነቱ ላይ ሆኜ ነው፤ ከሁሉም የምመክረውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ የሆነው ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ የሚሸጠው በ6 ሜትር ርዝመት ነው። ጋሼ ሂሳቡን ብረቱ ላይ በጠመኔ ጽፈው አሳዩኝ። ባለ 30 በ30 ሚሊ ቱቦላሬ። ለአራት እግር እያንዳንዱ 65 ሴንቲ፣ ድምሩ 260። ለላይኛው ፍሬም ሁለት ረጅም እያንዳንዱ 110፣ ድምሩ 220። መሃላቸው የሚገቡ ሁለት አጭር እያንዳንዱ 44፣ ድምሩ 88። ሁሉም ሲደመር 568 ሴንቲ። ከአንድ ቱቦላሬ ወደ 30 ሴንቲ ይተርፋል፤ እሱም አራቱን ማዕዘን ከሥር ለመደገፍ ሆነ። ከፍታውን ደምሩት፦ 65 የእግሩ፣ 3 የፍሬሙ፣ 1.8 የኤምዲኤፉ፣ 70 ሴንቲ መጣ። ልክ እንደተለካሁት።

አንድ የጎደለው ነገር የኋላ ማያያዣ ነበር። ሁለቱን የኋላ እግሮች ከጉልበት ከፍ ብሎ የሚያያይዝ ብረት ከሌለ ጠረጴዛው በተጻፈበት ቁጥር ወደ ጎን ይላል። ለዚህ አዲስ ቱቦላሬ መግዛት አያስፈልግም። በያጅ ቤት ከሌላ ሰው በርና መስኮት የተረፈ ቁራጭ አይጠፋም። «ጋሼ፣ አንድ ሜትር ከምናምን ቁራጭ ይፈልጉልኝ» አልኳቸው፣ ፈለጉልኝ።

ገበታው ደግሞ የራሱ ሂሳብ አለው። አንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ 122 በ244 ሴንቲ ነው። ተቆርጦ 120 በ60 የሆነ አራት ገበታ ይወጣዋል። ባለ 18 ሚሊው ሙሉው ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል፣ አንዱ ገበታ ግን 10 ኪሎ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ሙሉውን ለብቻ ገዝቶ መውሰድ ብክነት ነው። ቆራጮቹ ጋ ግማሽ ወይም ሩብ የሚሸጥ እንዳለ ጠይቁ፣ ካልሆነ ጠረጴዛ የሚፈልጉ ሦስት ሰዎች ፈልጉ። እኔ ከባልደረባዬና ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ተካፈልኩ። የቆረጡበትንና ጠርዙን የለበጡበትን ጭምር ለአራት ተካፍለን ስንከፍል ለእያንዳንዳችን የደረሰው ትንሽ ነበር።

ስትቆርጡ አራቱም ጠርዝ ይለበጥ። ከኋላ በኩል ለገመድ የሚሆን 5 ወይም 6 ሴንቲ ስፋት ያለው ቀዳዳ እዚያው ይቀደድ፤ ቤት ከገባ በኋላ በቢላ መቦርቦር ገበታውን ያበላሸዋል። ገበታው በፍሬሙ ላይ ከሥር በስምንት ቪቴ ይያዛል። የቪቴው ርዝመት ይለካ፤ 3 ሴንቲ ብረትና 1.8 ሴንቲ ገበታ ነው ያለው፣ ከዚያ የረዘመ ቪቴ ላዩን ቀዶ ይወጣል።

ብረቱ መጀመሪያ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ)፣ ከዚያ ቀለም ይቀባ። «ቀለሙ ራሱ ይበቃል» ከተባላችሁ እሺ አትበሉ። የብየዳው እብጠት በግራይንደር ይስተካከል፣ ካልሆነ ልብስ ይቀድዳል። እግሮቹ ሥር የፕላስቲክ ቆብ ይግባ። ሴራሚኩን አይቧጭርም፣ መወልወያውም ብረቱን አያዝገውም። ቀለሙ ሽታ ስላለው ጠረጴዛውን ሁለት ሦስት ቀን በረንዳ ላይ አቆዩት።

ስለ ኤሌክትሪክም አንድ ነገር ልበል። ይህ ጠረጴዛ ብረት ነው፣ ቤታችን ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የዲቫይደሩ ገመድ ፍሬሙን እየታከከ ከኖረ አንድ ቀን ይላጥና ብረቱን ይነካል። ዲቫይደሩን ገበታው ሥር በቪቴ ያዙት፣ ገመዱም ከብረቱ ሳይነካካ በራሱ መንገድ ይውረድ።

የዚህ አማራጭ ችግር ጊዜ ነው። ሦስት ቀን የተባለው ሳምንት ሊሆን ይችላል። ለሰኞ ጠረጴዛ የግድ የሚያስፈልገው ሰው ከሱቅ ይግዛ።

ቦታ ለሌለው ሰው

አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ለሚኖር፣ ጠረጴዛው ማታ ከመንገድ መነሳት ላለበት ሰው ታጣፊ ጠረጴዛ አለ። ትንሽ ይነቃነቃል፣ ግን ከአልጋ ላይ ተጎንብሶ ከመሥራት በብዙ ይሻላል። ግድግዳ ላይ በማጠፊያ የሚሰቀል ገበታም ያምራል፤ ግድግዳውን ግን አንኳኩት። ብሎኬት ከሆነ በጥሩ ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ቪቴውን በሚይዝ ፕላስቲክ) ይይዛል። አንዳንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለው፣ ከቀላል ሰሌዳ የተሠራው የአግሮስቶን ግድግዳ ከሆነ ተዉት፣ ክንድ የሚደገፍበት ጠረጴዛ አይችልም።

ዋጋ ስትጠይቁ

እዚህ ላይ የብር መጠን አልጻፍኩም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሠራም። ይልቅ አጠያየቁን ልንገራችሁ። በያጅ ወይም አናጺ ጋ «ጠረጴዛ ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። የብረቱን፣ የገበታውን፣ የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ጠይቁ። ብረቱንና ኤምዲኤፉን ራሳችሁ ገዝታችሁ የእጅ ዋጋ ብቻ መክፈል ትችላላችሁ። የመጫኛውን ደምሩና ከሱቁ ጋር አነጻጽሩ። ከያዛችሁት ብር ሁሉንም ለጠረጴዛው አታውሉ፤ ቢያንስ ግማሹ ለወንበሩ ይቅር። ስምንት ሰዓት የምትቀመጡት እሱ ላይ ነው።

ቀብድ ግማሽ ይበቃል። ልኬቱን በወረቀት ጻፉና ሁለታችሁም ፎቶ አንሱት። ሲያልቅ ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት ጠረጴዛውን ለጥ ያለ ወለል ላይ አስቁሙ። አራቱንም ማዕዘን ተራ በተራ በመዳፋችሁ ተጫኑ። ከአራቱ እግር አንዱ ከተነሳ እዚያው ይስተካከል። ወደ ጎን ገፋ አድርጉና እንደማይወዛወዝ እዩ። ወንበር ስቡና ተቀመጡ፣ ጉልበታችሁ ሥሩ መግባቱን እዩ፣ እጃችሁን ላዩ ላይ አሳርፉ። ትከሻችሁ ካልተነሳ ቀሪውን ክፈሉ።